ከጆሮ ወደ ዓይን፤ የንባብ ፍቅር በጌዴኦ

ስለ ንባብ ባህል በየመድረኩ ውይይት በተነሣ ቁጥር ወቀሳው የሚያርፈው በአንባቢው ጫንቃ ላይ ነው። ወጣቱ አያነብም፣ ተማሪው ከፈተና ያለፈ መጽሐፍ አይገልጥም፣ ሠራተኛው ጊዜ የለኝም ይላል እየተባለ ይከሰሳል። ነገር ግን ሂስ ከክስ ያለፈ ተግባር አለው። የንባብ ፍቅር ከየት ይመነጫል? የሚከስመውስ የት ደርሶ ነው? ብሎ መመርመር ይጠበቅበታል። ለዚህም ዲላንና በዙሪያዋ ያለውን የጌዴኦን ምድር መመልከት ይበጃል። በዚህ ምድር የአንድ ቋንቋ መጻፊያ ፊደል በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ተለውጧልና፣ የንባብ ፍቅር ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍና እንዴት እንደሚቋረጥ ጎልቶ ይታያል።

የንባብ ፍቅር የመጀመሪያ ቤቱ ጆሮ ነው። ልጅ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ተረት ይሰማል። በእንሰትና በቡና በተከበበው ጎጆ ውስጥ፣ ማታ እሳት ዳር የሚነገረው ተረትና ከሶንጎ የሽማግሌዎች ጉባኤ የተመለሱ አባቶች የሚያወጉት ወግ ለሕፃኑ ትልቅ ትምህርት ነው። ነገር መነሻና መድረሻ እንዳለው፣ ቃል ያላዩትን እንደሚያሳይ ከዚያ ይማራል። ከሁሉም በላይ «ከዚያስ?» ብሎ መጠየቅ የአድማጭ መብት መሆኑን ያውቃል። ይህ ጥያቄ የንባብ ፍቅር ዘር ነው።

ሁለተኛው ቤት ትምህርት ቤት ነው። እዚህ ላይ ግን ጠያቂና ተጠያቂ ቦታ ይለዋወጣሉ። እሳት ዳር ልጁ ተራኪውን ይጠይቅ ነበር፤ በክፍል ውስጥ ግን ምንባቡ ልጁን ይጠይቀዋል። ከእያንዳንዱ ምንባብ ግርጌ ጥያቄ ተደርድሮ ስለሚጠብቀው፣ ማንበብ ማለት ለምርመራ መቅረብ ነው የሚል ስሜት ቀስ በቀስ ያድርበታል። ጥያቄው አስፈላጊ አይደለም ማለት አይቻልም፤ ጥያቄ የማይከተለው ንባብ ጨርሶ መጥፋቱ ግን ጉዳት ነው። የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ብዙ ትውልድ ካስታወሳቸው የትምህርት ቤት መጻሕፍት አንዱ የሆነው ምክር ስላለው ብቻ አይደለም። አጫጭር ተረቶቹ ለድምፅ የተመቹ በመሆናቸው ልጁ ከክፍል ይዟቸው ወጥቶ ለቤተሰቡ ሊላቸው ይችል ነበር። መጽሐፉ በጆሮና በዓይን መካከል ድልድይ ሆነ ማለት ነው።

በልጅነቱ ይህን ድልድይ ያላገኘው ሰፊ ሕዝብ በጎልማሳነቱ ወደ ፊደል የተጠራው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ትምህርቱ መጀመሪያ በአምስት ቋንቋዎች ተሰጠ፤ በኋላ ቋንቋዎቹ 15 ሲደርሱ ጌዴኦኛ አንዱ ሆነ። ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1980 የዩኔስኮን የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አስገኝቷል። ይሁን እንጂ የሥራው ታላቅነት ከሂስ አያድነውም። አዲሱ አንባቢ ፊደሉን ከጨረሰ በኋላ በንባብ ክፍሉ የሚጠብቀው ጽሑፍ በአብዛኛው ስለ እርሻ፣ ስለ ጤናና ስለ ንጽሕና የሚመክር ነበር። ምክሩ ጠቃሚ መሆኑ አያጠያይቅም፤ ነገር ግን «ከዚያስ?» አያሰኝም። ማንበብ የቻለ ሁሉ ንባብ ወዳድ ሆኖ ያልቀረበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከዚህም ሌላ እክል ተከተለ። በዘመቻው ጊዜ ጌዴኦኛ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። ከ1983 ዓ.ም. የሥርዓት ለውጥ በኋላ ቋንቋው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት መስጫ ሲሆን የተመረጠለት የላቲን ፊደል ነው። በዘመቻው በራሷ ቋንቋ ማንበብ የተማረች ወጣት ሴት ዛሬ አያት ናት። የልጅ ልጇ የሚያነበው መጽሐፍ በአፏ በምትናገረው ቋንቋ ተጽፎ ሳለ ለዓይኗ ባዕድ ነው። የየትኛው ፊደል ምርጫ ይበልጣል የሚለው ክርክር የዚህ ሂስ ጉዳይ አይደለም። ጉዳዩ በአያትና በልጅ ልጅ መካከል አንድ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፍ አለመቻሉ ነው። «ልጅን በጡት፣ እህልን በጥቅምት» እንዲሉ፣ የንባብ ፍቅር የሚዘራበት ወቅት የልጅነት ዘመን ነው፤ በዚያ ወቅት ደግሞ ዋናው ዘሪ ቤተሰብ ነው።

ታዲያ መፍትሔው ከየት ይምጣ? አንድ የታወቀ የኪነ ጥበብ ታሪክ መንገዱን ያመለክታል። የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ሲወጣ የተማረው ክፍል አነበበው። ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ግን ማንበብ የሚችለውም የማይችለውም እኩል አደመጠው። ሰብለ ወንጌልና በዛብህ የብዙ ቤት ሰው ሆኑ። ከዚህ የምንረዳው ጆሮ በልጅነት ተጥሎ የሚታለፍ ደረጃ አለመሆኑን ነው። ጎልማሳም በድምፅ በኩል ወደ መጽሐፍ ይመጣል።

ይህ እውነት በጌዴኦ ጎጆም ይሠራል። አያት የልጅ ልጇን መጽሐፍ ማንበብ ባትችል መስማት ትችላለች። ልጁ ማታ ማታ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢያነብላት፣ የትናንቱ አድማጭ ተራኪ፣ የትናንቷ ተራኪ አድማጭ ይሆናሉ፤ «ከዚያስ?» የምትለውም እርሷ ትሆናለች። ልጁ ንባቡ በውጤት የሚመዘን የቤት ሥራ ብቻ አለመሆኑን፣ ሰው በጉጉት የሚጠብቀው ስጦታ መሆኑንም ያያል። እንዲህ ያደገ ልጅ ነገ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ቢገባ ለፈተና ከተባዛው ወረቀት ባሻገር ሌላ መጽሐፍ መሻቱ አይቀርም።

ለዚህ ግን ተነባቢ ነገር ያስፈልጋል። መምህሩ በሳምንት አንድ ሰዓት እንኳ ጥያቄ ለማይከተለው ንባብ ይመድብ። ደራሲውና የተረት ሰብሳቢው ለድምፅ የሚመች የጌዴኦኛ መጽሐፍ ያዘጋጁ፤ አንዱ ተረት በሁለቱም ፊደል ጎን ለጎን ቢታተም አያትና ልጅ በአንድ ገጽ ላይ ይገናኛሉ። የባህል ሥራ ኃላፊውም የንባብን እድገት በተከፈቱ ክፍሎችና በተቆጠሩ መጻሕፍት ብቻ አይለካ። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የጥንት ትክል ድንጋዮቹ ጥበቃ እንደሚሹ ሁሉ፣ እሳት ዳር የሚነገረው ተረትም ጠባቂ ይሻል፤ ጠባቂውም ለሌላ ሰው ድምፁን አሰምቶ የሚያነብ ልጅ ነው።