የታዋቂ ስምና የጥበብ ቃል፦ ከድሬ ሼህ ሁሴን ባህሮ እስከ ኮሚክ ሥዕል

በኮሚክ ሥዕል ውስጥ አንድ ታዋቂ ሰው ሲናገር አንባቢ ቃሉን ብቻ አያነብም፤ ፊቱን፣ ጸጉሩንና መነጽሩንም ያያል፤ ሥዕሉ ራሱ ምስክር ሆኖ ይቆማል። ጆን ሌነን በልጅነቱ «ስታድግ ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ሲባል ደስተኛ መሆን እንደሚፈልግ መለሰ የሚለው ወግ ብዙ አገር ዞሯል፤ እሱ ይህን መናገሩን የሚያሳይ ማስረጃ ግን አልተገኘም። አልበርት አንስታይን በበኩሉ በ1922 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ኢምፔሪያል ሆቴል ሳለ ለአንድ ተላላኪ በጀርመንኛ የጻፋት ወረቀት አለች፤ ጸጥ ያለና ልከኛ ኑሮ ዕረፍት ከማይሰጥ የስኬት ሩጫ የበለጠ እንደሚያስደስት ትናገራለች። በ2017 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም ውስጥ በጨረታ ከ1.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶባታል። ሁለቱ አባባሎች ተሥለው ጎን ለጎን ቢቀመጡ ግን እኩል ይታመናሉ፤ ሥዕሉ ማስረጃ ያለውንና የሌለውን አይለይምና።

ያለ ማስረጃ ቃልን ለታዋቂ ሰው መስጠትን የሚነቅፈውን ይህን ትችት በአገራችን የሚቃወም ሰው ቶሎ የሚያነሣው የቃል ባህላችንን ነው፦ የእኛ ጥበብ ሁሉ ከአፍ ወደ ጆሮ የመጣ ነውና ምንጭ መጠየቅ የፈረንጅ ልማድ ነው ይላል። የባሌ ማስረጃ ግን ይህን አያግዝም። ከሮቤና ከጎባ ደጋ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ዋቢ ሸበሌ አቅራቢያ፣ የተሳላሚዎች ስፍራ የሆነው ድሬ ሼህ ሁሴን አለ፤ ተጓዦች ባላ በትር ይዘው ይመጣሉ፣ ባህሮ የተባለውን የውዳሴ ዜማም ያዜማሉ። ባህሮው ሼህ ሁሴንን ያወድሳል፣ ይማጸናል፤ ቃሉ የሼህ ሁሴን ነው ብሎ ግን አይነሣም። የሼሁን ተአምራት የሚተርከው ረቢዕ አል ቁሉብ የተሰኘው የዐረብኛ መጽሐፍም በ1927 እ.ኤ.አ. ካይሮ ታትሟል፤ ገድል መሆኑን አይደብቅም። የደጋው ተረትና ምሳሌም የሚጠቀሰው «አባቶች እንዳሉት» እየተባለ ነው። ይህ አጠቃቀስ በጣም ሐቀኛ ነው፤ የማያውቀውን ባለቤት አይፈጥርም፣ ቃሉም ራሱን ችሎ እንዲመዘን ይተወዋል። የአፍ ባህል ምንጭ አያውቅም ማለት ባህሉን ዝቅ አድርጎ ማየት ነው።

የበለጠ የሚከብደው ተቃውሞ ከግዕዙ ጽሑፍ ይመጣል። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አባ ሚካኤል ከዐረብኛ የመለሱት አንጋረ ፈላስፋ ለሶቅራጥስና ለአፍላጦን የሰጣቸው ብዙ አባባሎች በግሪኩ ጽሑፍ አይገኙም፤ እንግዲህ ሥዓሊው ምን አዲስ ጥፋት ሠራ? አዲሱ ነገር መንገዱ መጥፋቱ ነው። አንጋረ ፈላስፋ የትርጉም ሥራ መሆኑ ይታወቃል፤ ተመራማሪ ከግዕዝ ወደ ዐረብኛ፣ ከዚያም የሚገኝ ከሆነ ወደ ግሪክ ዱካውን ሊከተል ይችላል። በውስጡ ጠቢብ አለ ተብሎ ብቻ የሚቀርብ ቃልም ብዙ ነው። በአንድ የሥዕል ሳጥን የታተመ ስም ግን ወደ ኋላ የሚመራ ምንም የለውም። «ዋናው ፍሬ ነገሩ ነው፣ ማን አለውስ ምን ይለውጣል?» ለሚል ደግሞ ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ በተባለው የፍልስፍና መጽሐፍ ደራሲ ላይ የተነሣው ክርክር በቂ መልስ ነው። ምሁሩ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን የጻፈው ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ሲሉ፣ ተመራማሪው ክላውድ ሳምነር ደግሞ ለዘርዓ ያዕቆብ ሲሟገቱ፣ የጽሑፉ አንዲት ቃል አልተለወጠችም፤ የተለወጠው መጽሐፉ የ17ኛው መቶ ዘመን ኢትዮጵያ ሐሳብ ነው ወይስ የ19ኛው መቶ ዘመን አውሮፓዊ ፈጠራ የሚለው ነው። ፍሬ ነገሩን ራሱን የምንረዳው በባለቤቱ በኩል ነው።

ለባሌ ይህ የቃል ባለቤት ጥያቄ አጣዳፊ ነው። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የባሌ ዐመፅ ዘመን መሪዎችና ሽማግሌዎች አፍ የሰሙ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ማን፣ የት፣ ለማን እንደተናገረ ሊጠየቁ ይችላሉ። መጀመሪያ ሥዕሉ ከተሠራጨ ግን ጥያቄው ይበላሻል፤ ሽማግሌው የሰሙትን ይሁን በሥዕሉ ያዩትን እንደሚመልሱ መለየት አይቻልም። ስለዚህ መዝጋቢው ከሥዓሊው መቅደም አለበት፤ ሥዓሊውም ባለቤቱን ካላወቀ ከቃሉ ሥር «አባቶች» ብሎ ይጻፍ።