የፕሌትሌት መጠን የፕሌትሌትን መነቃቃት ይመሰክራልን?

በሆሳዕናው ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታልም ሆነ በዱራሜ የስኳር ሕሙማንን የሚከታተል ባለሙያ የሲቢሲ ውጤት እጁ ሲገባ፣ አማካይ የፕሌትሌት መጠንን የሚያመለክተውን ኤምፒቪ ከቁጥሮቹ መካከል ያገኘዋል። ቁጥሩ ተጨማሪ ወጪ አይጠይቅም። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የስኳር ሕሙማንን የደም ልኬቶች ከጤነኞች ጋር የሚያነጻጽሩ ጥናቶች የተበራከቱት በከፊል በዚህ ምክንያት ይመስላል፤ በጎንደር ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት አንዱ ምሳሌ ነው። እነዚህን ልኬቶች ከጾም ስኳር ጋር ማዛመዱ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። የሚያጠያይቀው ከልኬቱ ወደ ትርጓሜው የሚደረገው ዝላይ ነው፦ ፕሌትሌቶቹ ተልቀው ተገኙ፣ ስለዚህ ነቅተዋል የሚለው፣ በዚህ መስክ ጽሑፎች ደጋግሞ የሚታይ ድምዳሜ።

መነቃቃት በዋነኛነት የካልሲየም ጉዳይ ነው። በዕረፍት ላይ ባለ ፕሌትሌት ውስጥ ያለው ነጻ ካልሲየም በፕላዝማ ውስጥ ካለው አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። ኤዲፒ፣ ትሮምቢን ወይም ትሮምቦክሴን ከተቀባያቸው ጋር ሲጣመሩ በውስጥ የተከማቸው ካልሲየም ይለቀቃል፤ ጎተራው መጉደሉን ስቲም1 የተባለው ፕሮቲን ይገነዘብና ኦራይ1 የተባለውን በር ያስከፍታል፤ የውጭው ካልሲየም ይጎርፋል። ያን ጊዜ ፕሌትሌቱ ቅርጹን ይለውጣል፣ በውስጡ ያሉትን ቅንጣቶች ይለቃል፣ ከሌሎች ጋር ይጣበቃል። በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ይህ ሥርዓት ሚዛኑን ያጣል። የካልሲየሙ ፍሰት ይበረታል፤ ናይትሪክ ኦክሳይድና ፕሮስታሳይክሊን የሚያስተላልፉት የማረጋጋት መልእክት ተሰሚነቱ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ኢንሱሊን በጤነኞች ፕሌትሌት ውስጥ በኤዲፒ የሚነሣውን የካልሲየም ጭማሪ ሲገታ፣ በሕሙማኑ ዘንድ ግን ይህ ልጓም እንደማይሠራ አሳይቷል።

ከዚህ ሁሉ ኤምፒቪ የሚነግረን ምንድን ነው? ለሲቢሲ ደም የሚቀዳበት ባለ ሐምራዊ ክዳን ቲዩብ ኢዲቲኤ አለበት፤ ኢዲቲኤ ደሙን ከመርጋት የሚጠብቀው ደግሞ ካልሲየሙን በማሰር ነው። እንግዲህ ስለ ካልሲየም ሊመሰክር የተጠራው ናሙና ገና ሲቀዳ ከካልሲየም ተለይቷል። በዚያ ላይ ኢዲቲኤ ፕሌትሌቱን ከዝርግ ቅርጽ ወደ ክብ ስለሚለውጠው፣ በኢምፒዳንስ የሚሠሩ መሣሪያዎች የሚያነቡት መጠን ናሙናው በቆየ ቁጥር ይጨምራል። የሕሙማኑ ደም ማልዶ ተቀድቶ ተራ ሲጠብቅ ቆይቶ፣ የጤነኞቹ ግን እንደተቀዳ ቢለካ፣ የሚገኘው ልዩነት የስኳር በሽታ ይሁን የሰዓት መለየት አይቻልም። ደም በተቀዳበትና በተለካበት መካከል ስንት ደቂቃ እንዳለፈ የማይገልጽ ጽሑፍ ስለ ኤምፒቪ የሚናገረው ሁሉ በጥርጣሬ ሊነበብ ይገባዋል።

ይህ ሲባል ኤምፒቪ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ትልልቆቹ ፕሌትሌቶች አብዛኛውን ጊዜ አዲስ የተመረቱ ናቸው፤ መጠኑ መጨመሩ መቅኒው ምርቱን ማፋጠኑን ሊጠቁም ይችላል። መነቃቃትን ለማወቅ ግን ሌላ መንገድ ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ በባለ ሰማያዊ ክዳን የሲትሬት ቲዩብ የተቀዳን ደም ወዲያውኑ አዘጋጅቶ በፕሌትሌቱ ገጽ ላይ የወጣውን ፒ-ሴሌክቲን በፍሎ ሳይቶሜትር መለካት። ለኤችአይቪ ሕሙማን ሲዲ4 ለመቁጠር ወደ አገሪቱ ከገቡት መሣሪያዎች አንዳንዶቹ ለዚህ ሊውሉ ይችሉ ነበር። ይህ ዕድል እምብዛም አለመታሰቡ ያስቆጫል።

ዝላዩ በወረቀት ላይ ቢቀር ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር። ነቅተዋል ከተባለ ቀጣዩ እርምጃ አስፕሪን ማዘዝ ይሆናል። አስፕሪን የሚዘጋው የትሮምቦክሴንን መንገድ ነው፤ ኤዲፒና ትሮምቢን ካልሲየሙን ከማስነሣት አይታገዱም። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደው ክኒንም በፍጥነት የሚተኩትን አዳዲስ ፕሌትሌቶች እስከ ማግስቱ ላይገታ ይችላል። በብሪታንያ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የወጣው አሴንድ ጥናት የልብና የደም ሥር በሽታ ያልታወቀባቸውን 15,480 የስኳር ሕሙማን በአማካይ 7.4 ዓመት ተከታትሏል። ከባድ የደም ሥር አደጋ አስፕሪን ከወሰዱት 8.5 በመቶ፣ ካልወሰዱት 9.6 በመቶ ላይ ደረሰ፤ ከባድ መድማት ግን ከወሰዱት 4.1፣ ካልወሰዱት 3.2 በመቶ ላይ ታየ። ጥቅሙና ጉዳቱ ተቀራራቢ ነው። የጨጓራ ባክቴሪያ በተስፋፋበት፣ ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክ ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ በተለመደበት አካባቢ ሚዛኑ ወደ መድማቱ ሊያደላ ይችላል። ቀደም ሲል የልብ ድንገተኛ ሕመም ወይም በደም መርጋት የመጣ ስትሮክ ያጋጠመው የስኳር ሕመምተኛ ግን ከዚህ ሙግት ውጪ ነው፤ ለእርሱ አስፕሪን የሚታዘዘው ኤምፒቪው ቢጨምርም ባይጨምርም ነው።