ከጨረሩ ጋር እሽቅድምድም

እ.ኤ.አ. በ1977 ገበያ ላይ የዋለው የቪዲዮ ጌም መሣሪያ አታሪ 2600 ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታው 128 ባይት ብቻ ነው፤ ይህ ዓረፍተ ነገር በግዕዝ ፊደል ቢጻፍበት እንኳ አይበቃውም። የስክሪኑን ምስል ይዞ የሚያቆይበት ቦታም ፈጽሞ የለውም። ስለዚህ ጨዋታ የሚሠራለት ሰው በአሴምብሊ ቋንቋ እየጻፈ፣ ምስሉን የሚስለው የቴሌቪዥኑ ጨረር ከግራ ወደ ቀኝ በሚሮጥበት ቅጽበት የእያንዳንዱን መስመር ቀለምና ቅርጽ እዚያው ማቀበል አለበት። ለአንድ መስመር ያለው ጊዜ 76 የፕሮሰሰር ምት ነው። ቀላሉ ትእዛዝ ሁለት ምት ይፈጃል፣ ከባዱ ሰባት። የተጫዋቹን ሥዕል በቦታው የሚያስቀምጠው ትእዛዝ በአንድ ምት ከዘገየ ሥዕሉ ሦስት ነጥብ ወደ ቀኝ ይሸሻል። የጠላት እንቅስቃሴና የነጥብ ቆጠራ በአብዛኛው የሚሰላው ጨረሩ ከታች ወደ ላይ እስኪመለስ ባለችው ፋታ ነው፤ ይህም በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል!

ይህን ሁሉ ዛሬ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ ለፍቅሩ ብቻ የሚያደርጉት ሰዎች ልቤን ይነኩታል። በማይክሮሶፍት የጌም ክፍል ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረው ኤድ ፍሪስ ከእነዚህ አንዱ ነው። ግዙፉን የኤክስቦክስ ጨዋታ ሄሎን በ4 ኪሎባይት ጨምቆ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ለአታሪ 2600 አበቃው። እንዲህ ያለው ቁጠባ ለእኔ ከየትኛውም ባለብዙ ጊጋባይት ግራፊክስ በላይ የሚደነቅ ጥበብ ነው።