እረኛው መቼ ይተነፍሳል?
(አሮጌ ዜማን በአዲስ መሣሪያ ስለ መጫወት)

የቀድሞዎቹን ዜማዎች አድሶ የማቅረብ ልማድ በወጣቱ ዘንድ እየበዛ መሄዱ የታወቀ ነው። ነገሩ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን የታደሰው ምን እንደ ሆነ፥ የጠፋውም ምን እንደ ሆነ ለይቶ መመርመር ይገባል ብለን ስላሰብን፥ ይህችን አጭር ሐተታ ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን ለማቅረብ ደፍረናል።

ለዚህ ያነሣሣን የራሳችን ጥፋት ነው። በቴፒ ከተማ በአንድ የተማሪዎች የባህል ምሽት የእረኛ ዜማ እንድናሰማ ተመድበን ሳለ፥ ከመካከላችን ዋሽንት የሚነፋ ስላልነበረ፥ በኤሌክትሪክ ኦርጋን ከዋሽንት የሚቀራረበውን ድምፅ መርጠን ተጫወትነው። ጭብጨባው ብዙ ነበር። ከመድረክ ስንወርድ ግን ለቡና ሥራ ከጎጃም መጥተው በዚያው የቀሩ አንድ ሽማግሌ ጠሩንና፥ «ልጆቼ፥ እረኛችሁ መቼ ነው የሚተነፍሰው?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ጥያቄው ይዞን ወደ አቶ ጌታቸው መኩሪያ መራን። እኒህ የይፋት ሰው (1935–2016፤ ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው) ሳክስፎን ከመያዛቸው በፊት ክራርና ማሲንቆ ይጫወቱ ነበር። ሽለላ የሰው ጉሮሮ ሥራ ነው፤ ሸላዩ ቃሉን ይወረውራል፥ ድምፁን ያንቀጠቅጣል፥ ትንፋሹ እስኪያልቅ ይዞ ድንገት ይቈርጠዋል። አቶ ጌታቸው ወደ ሳክስፎኑ ያስገቡት ዜማውን ብቻ ሳይሆን ይህንኑ የጉሮሮ ትግል ነው። «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ 14ኛ ቅጽ የሰማ ሰው፥ ቃል ሳይኖር የሚፎክር ሰው ፊቱ የቆመ ይመስለዋል።

በአሜሪካም የዚህ ብጤ ታሪክ አለ። ከደቡቡ የጥጥ አገር ብዙ ጥቁሮች ሥራ ፍለጋ ወደ ሺካጎ ሲፈልሱ (መዲ ዋተርስ ከሚሲሲፒ የሄደው በ1943 ነው) ብሉዝ የተባለውን ዘፈናቸውን ይዘው ሄዱ። ከመሣሪያዎቻቸው አንዱ አርሞኒካ ነበር፤ ዐሥር ቀዳዳ ያላት፥ ጀርመኖች ለአገራቸው ዘፈን የሠሯት ትንሽ ዕቃ። የብሉዝ ተጫዋች ግን ትንፋሹን ወደ ውስጥ እየሳበ ድምፁን አጐንብሶ እንደሚያለቅስ ሰው አደረጋት። (ዋሽንት ነፊ ለየቅኝቱ ብዙ ዋሽንት እንደሚይዝ፥ እነርሱም ብዙ አርሞኒካ ይዘው ይዞራሉ።) ሊትል ዎልተር ደግሞ ማይክሮፎኑን ከአርሞኒካው ጋራ በመዳፉ አፍኖ ወደ ማጉያ ላከው። በ1952 የወጣው «ጁክ» የተባለው ሸክላ ከዚህ የተገኘ ነው። ኤሌክትሪኩ ትንፋሹን አጐላው እንጂ አልተካውም።

በ2016 ሮሊንግ ስቶንስ የተባሉት እንግሊዞች እነዚህን የሺካጎ ዘፈኖች በሦስት ቀን ውስጥ ቀርጸው በአልበም አወጡ፤ የዎልተርም ዘፈኖች አሉበት። ሚክ ጃገር አርሞኒካውን በፍቅር ይነፋል፤ ትንፋሹም ይሰማል። እኛ ግን የጐደለ ነገር አገኘንበት። ዎልተር ድምፁ ወዴት እንደሚወስደው ሳያውቅ ይፈልጋል፤ ጃገር መንገዱን አስቀድሞ ያውቀዋል። ያም ሆኖ ከእኛ ኦርጋን እጅግ ይሻላል፤ ይህን ማመን ያሳፍራል።

ከዚህ የሚበልጥብን አቶ ጌታቸው «ዘ ኤክስ» ከተባሉት የሆላንድ ሙዚቀኞች ጋራ በ2006 ያወጡት «ሞዓ አንበሳ» ነው። ሆላንዶቹ ኢትዮጵያዊ ለመምሰል አይደክሙም። በሻካራ ጊታራቸውና በከበሯቸው፥ ሸላዩን ከብቦ «በለው!» እንደሚል ሕዝብ ይሆናሉ፤ ሽማግሌው ሲተነፍሱም ቦታ ይለቁላቸዋል። ሁልጊዜ ይሳካል ማለታችን አይደለም። አንዳንድ ስፍራ የጊታሩ ጩኸት የሳክስፎኑን ረጅም ድምፅ ይውጠዋል፤ እዚያ ላይ ሽለላው የገበያ ጫጫታ ይሆናል። ቢሆንም አሮጌውን ዜማ የሚያከብሩት ሳይቀዱት ነው። እኛ ግን እያንዳንዱን ድምፅ ሳናጓድል ቀድተን፥ ዜማው የተሠራበትን ሳንባ ጣልን።

ከዚያ ምሽት ወዲህ በቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ሽማግሌው ቤት እየሄድን ዋሽንት እንማራለን። አራቱን ቀዳዳ በጣት መድፈን ቶሎ ለመድን። የት ላይ መተንፈስ እንደሚገባ ግን እስካሁን እርስ በርሳችን አልተስማማንም፤ አባባም ቡናቸውን እየጠጡ ዝም ብለው ያዳምጡናል።