የክረምቱ ዝውውር በአብነት ልጆች ሚዛን

ሐምሌ ላይ የእንግሊዝ ኳስ የለም። አብነት ያሉ የዲኤስቲቪ ቤቶች ቅዳሜ ከሰዓት ወንበራቸው ባዶ ነው። ክርክሩ ግን አያርፍም፤ ወደ ቴሌግራም ይገባና ከጨዋታ ቀን ብሶ ይግላል። የፕሪምየር ሊጉ ፋንታሲ ለአዲሱ ውድድር የሚከፈተው በዚሁ ወር ነው። የተጫዋቾች ዋጋ ይወጣል፣ ክለቦቹ ደግሞ ገና እየገዙና እየሸጡ ናቸው። ዶፍ ከውጭ እየጣለ፣ ማን ወዴት ሄደ፣ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም እያሉ መመዘን ለሰፈሩ ልጆች ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል።

ለማያውቀው በአጭሩ እንዲህ ነው። ጨዋታው በ2002 ተጀመረ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ተሳታፊው የሌለ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ይሰጠውና 15 ተጫዋቾች ይገዛል፤ ከአንድ ክለብ ከ3 በላይ መውሰድ አይቻልም። ተጫዋቾቹ በእውነተኛው ሜዳ የሠሩት በነጥብ ይቆጠርለታል። ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ በሳምንት አንድ ነፃ ዝውውር አለው፤ ያለውን ተጠቅሞ ከዚያ ባለፈ ለእያንዳንዱ ቅያሪ 4 ነጥብ ይቀነስበታል። ከመጀመሪያው ሳምንት በፊት ግን መቶ ጊዜ ቢቀይር የሚጠይቀው የለም።

ጀማሪው የሚያየው ያለፈውን ዓመት ጎል ነው። ዶሚኒክ ሶላንኬ በ2023/24 ለቦርንማውዝ 19 የሊግ ጎል አገባ፤ በክረምቱ ቶተንሃም ገዛው። «ትልቅ ክለብ ሄደ፣ አሁንማ 25 ያገባል» የማይል አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት ያገባው 9 ነው። ጉዳት አግኝቶታል፣ ቶተንሃምም 17ኛ ሆኖ ጨርሷል። ነገር ግን ያ ሁሉ ባይሆንም ሒሳቡ ከመነሻው የተሳሳተ ነበር። ቦርንማውዝ ውስጥ የቡድኑ ማጥቃት የሚያልቀው እሱ ጋ ነበር፤ ቶተንሃም ውስጥ ጎሉን ከክንፍ ተጫዋቾቹ ጋር መካፈል ነበረበት።

የኮል ፓልመር ነገር የዚህ ግልባጭ ነው። በሴፕቴምበር 1 ቀን 2023፣ የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ሲል፣ ከማንቸስተር ሲቲ ወደ ቼልሲ ሄደ። ሲቲ ውስጥ አንድም የሊግ ጎል አልነበረውም፤ የፋንታሲ ዋጋውም 5 ሚሊዮን፣ የተጠባባቂ ዋጋ ነው። ዓመቱን በ22 ጎልና በ244 ነጥብ የሁሉም አናት ላይ ሆኖ ጨረሰ። ከ22ቱ 9ኙ ፍፁም ቅጣት ምት ናቸው፤ የመጀመሪያዋም በርንሌይ ላይ የተቆጠረችው እንዲሁ በፍፁም ቅጣት ምት ነበር። ያን ቀን ማን ኳሷን አንስቶ እንደሄደ ልብ ያለ ሰው ቀጣዮቹን ወራት በርካሽ ኖረ።

በኤፕሪል 2024 ቼልሲ ኤቨርተንን 6 ለ 0 ሲያሸንፍ የሆነውን ደግሞ ፋንታሲ የሚጫወት ሁሉ ያስታውሰዋል። ቼልሲ ፍፁም ቅጣት ምት አገኘ። ኖኒ ማዱኤኬ ኳሷን አቀፈ፣ ኒኮላስ ጃክሰን ሊቀማው መጣ፣ ግፊያ ሆነ። በመጨረሻ አምበሉ ኮኖር ጋላገር ኳሷን ተቀብሎ ለፓልመር ሰጠው፤ እሱም አገባት። አማካይ ሆኖ ለተመዘገበ ተጫዋች ጎል 5 ነጥብ ነው፤ በፋንታሲ ካፒቴን ላደረገው ደግሞ እጥፉ፣ 10። ሦስት ጎልማሶች ሜዳ መሃል የተጓተቱባት ኳስ የስንቱን ደረጃ ይዛ ነበር!

ስለዚህ የለመደ መዛኝ ስለ አዲስ ዝውውር ሲሰማ የመጀመሪያ ጥያቄው «ፍፁም ቅጣት ምት ማን ይመታል?» ነው። ብራያን ምቤሞ በ2024/25 ለብሬንትፎርድ 20 ጎል አገባ፤ መቺውም እሱ ነበር። በ2025 ክረምት ማንቸስተር ዩናይትድ ሲገዛው እዚያ መቺው ብሩኖ ፈርናንዴዝ ነበር። ከ20ው ላይ ቀንሶ መጀመር የግድ ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ የተመዘገበበት ቦታ ነው፤ ብዙዎች ይረሱታል። የአጥቂ ጎል 4፣ የአማካይ ጎል 5 ነጥብ ያወጣል። ማቴዎስ ኩኛ ከዎልቭስ ወደ ዩናይትድ በሄደበት ክረምት ጨዋታው ከአጥቂነት ወደ አማካይነት አዛወረው፤ ሰውዬው ያው፣ ጎሉ ግን ተወደደ። የሊቨርፑሉ ሳላህ በ2024/25 ክብረ ወሰን የሆነውን 344 ነጥብ ሲሰበስብ 29 ጎል ነበረው። አጥቂ ተብሎ ቢመዘገብ ኖሮ ከጎሉ ብቻ 29 ነጥብ ይጎድልበት ነበር።

ዋጋም እንደሚታየው አይደለም። በ7.0 የተገዛ ተጫዋች 7.5 ቢገባ ሲሸጥ የሚገኘው 7.2 ነው፤ ጨዋታው ከትርፉ ግማሹን ይወስድና ፍርፋሪውንም አይመልስም። መልሶ ሊገዛው የፈለገ 7.5 ይከፍላል። መርካቶ አጠገብ ላደገ ልጅ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሸጦ መልሶ የሚገዛ ነጋዴ የሚደርስበትን ያውቃል።

የ2025 ክረምት ትልቁ ጭቅጭቅ ፍሎሪያን ቪርትዝ ነበር። ሊቨርፑል ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አውጥቶበታል፤ በፋንታሲ 8.5። አንትዋን ሴሜንዮ ደግሞ ክለቡን ያልቀየረ የቦርንማውዝ ልጅ፣ ዋጋው 7.0። ኦገስት 15፣ አርብ ማታ በእኛ 4 ሰዓት፣ ሁለቱ አንፊልድ ላይ ተገናኙ። ሊቨርፑል 4 ለ 2 አሸነፈ፤ ሁለቱንም የቦርንማውዝ ጎሎች ያገባው ሴሜንዮ ነው። ቪርትዝ የመጀመሪያ የሊግ ጎሉን ያገኘው ዲሴምበር 27 ነው። እንዲያም ሆኖ ቪርትዝን የገዛ ሁሉ ሞኝ ነበር ማለት አይቻልም፤ በቀድሞ ክለቡ በሌቨርኩዘን ያሳየውን ያየ ሰው ምክንያት ነበረው። የሚያስነቅፈው የክለቡን ወጪ አይቶ ብቻ መግዛቱ ነው፤ ሊቨርፑል የከፈለው ገንዘብ ነጥብ አያመጣም።

ክረምት ላይ አርቀው ያዩ ደግሞ የዲሴምበሩን የአፍሪካ ዋንጫ አስልተዋል። ሳላህ ለግብፅ፣ ምቤሞ ለካሜሩን ወደ ሞሮኮ መሄዳቸው ነው። ጨዋታው ለዚያ ማካካሻ የሁሉንም ነፃ ዝውውር ወደ 5 ከፍ እንደሚያደርግ አስቀድሞ አስታውቆ ነበርና ጉዳቱ ቀለለ። የሴሜንዮ ጋና ግን ጭራሽ አላለፈችም፤ ይህም ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። የሰባት ሚሊዮኑ ሰው ገናን እንግሊዝ አሳለፈ። ጃንዋሪ 2026 ላይ ማንቸስተር ሲቲ ሲገዛው ክርክሩ እንደ አዲስ ተነሣ፦ ኳሱ ይበዛለታል፣ የመሰለፉ ነገር ግን ዋስትና የለውም፤ ፍፁም ቅጣት ምቱን እንደሆነ የሚመታው ሃላንድ ነው።