ጽዋውና ጨለማው፦ ጥብዐት በገድለ ላሊበላ

በአማርኛ «ደፋር» ሁልጊዜ ሙገሳ አይደለም፤ ሽማግሌ ፊት ያላፈረ ልጅም ደፋር ይባላል። የቤተ ክህነት ሰው ግን ሌላ ቃል አለው፤ ጥብዐት፣ መከራን የሚችል ጽኑ ልብ። የላስታውን ንጉሥ የላሊበላን ገድል በዚህ ቃል ማንበብ ይሻላል ባይ ነኝ።

ምሁሩ ፔሩሾ ገድለ ላሊበላን እ.ኤ.አ. በ1892 ፓሪስ ላይ ካሳተመው ወዲህ ተመራማሪው ባብዛኛው የሚጠይቀው የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት መቼ፣ በማን ተፈለፈሉ የሚለውን ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከንጉሡ ዘመን ብዙ ቆይቶ የተጻፈ ገድል ግን ለዚህ ደካማ ምስክር ነው፤ ጠንካራ የሚሆነው ስለ ፍርሃት ሲጠየቅ ነው።

የመርዙን ታሪክ እንውሰድ። እኅቱ ለላሊበላ የሰጠችውን ጽዋ በቅድሚያ የቀመሰው አብሮት የነበረው ዲያቆን ነው፤ ወዲያው ሞተ። ላሊበላም ለእኔ የሞተውን ትቼ እንዴት እኖራለሁ ብሎ የተረፈውን ጨለጠ። የማርቆስ ወንጌልን ምዕራፍ 16 የሚያውቅ አንባቢ መርዝ አማኝን አይጎዳም የሚለውን ተስፋ ይጠብቃል። የገድሉ ጸሐፊ ግን ላሊበላን ያስጠጣው በዚያ ተስፋ አይደለም፤ የሚጠጣው ሞትን ለመጋራት ነው። መትረፉ ኋላ የመጣ ነገር ነው። (መርዙ ከሆዱ ትል አስወጣለት ይላል፤ ኮሶ የሚጠጣ አገር ለዚህ ማብራሪያ አያሻውም።)

ይኸው ሰው ደግሞ ይሸሻል። የወንድሙ የሐርቤ በትር ሲበረታበት በረሃ ይገባል፤ ገድሉም አያፍርበትም። የዘመናችን ስብከት ብዙ ጊዜ የሚዘለው ይህን ነው፤ እምነት ፍርሃትን የሚነቅል መድኃኒት ይመስል፣ የፈራውን ምእመን እምነት እንደ ጎደለው ይቆጥረዋል።

ፍርሃቱ በሕንፃውም አለ። ከአብያተ ክርስቲያናቱ ወደ አንዱ፣ ወደ ቤተ መርቆሬዎስ፣ ከሚያደርሱት መተላለፊያዎች አንዱ ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ ሲኦል ይሉታል። ተሳላሚው መብራት አጥፍቶ፣ እጁን ከግድግዳው ሳያነሳ፣ የፊተኛውን ሰው ድምፅ እየሰማ ያልፋል። የሕንፃውን ነገረ መለኮታዊ ዕቅድ የሚተነትኑ ጽሑፎች ስለ ምሳሌነቱ ብዙ ብለዋል። ስለዚያ ድምፅ ግን ዝም ይላሉ፤ ለእኔ ጨለማውን ከዲያቆኑ ጽዋ ጋር የሚያገናኘው እሱ ነው፤ በሁለቱም ቀድሞ የገባ ሰው አለ።

ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የላሊበላ ከተማ በሰሜኑ ጦርነት ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር መብራቱም ስልኩም ባንኩም ተቋረጠ፤ በእንግዳ የምታድር ከተማ እንግዳ አጣች። «እምነታቸው አጸናቸው» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ሐሰት አይደለም፤ ግን ረኃቡን ይሸፍናል፤ ልጅ አዝሎ ወደ ገጠር የወጣውንም ከታሪኩ ያስወጣል፣ ገድሉ የበረሃውን ስደተኛ ሳያስወጣ።

ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ገና ተከበረ። በቤተ ማርያም ከገደሉ አፋፍ የቆሙት ካህናት የመላእክት፣ ከግቢው ያሉት የሰው ምሳሌ ሆነው ቤዛ ኩሉ የተባለውን የገና ዝማሬ ይቀባበላሉ። በዚያ ዓመት ከታች ከቆመው ሕዝብ መካከል ከጥቂት ወራት በፊት በእግሩ የሸሸም ነበረበት።