ዕቁብና የሒሳብ መዝገብ

በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል የጀመረው ሥርዓተ ትምህርት ኢኮኖሚክስ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ ማድረጉ የሚደገፍ ነው። ይሁን እንጂ ትምህርቱ ከሒሳብ አያያዝ ተነጥሎ ከቀረበ ተማሪው ትርጓሜ ይሸመድዳል እንጂ ማመዛዘን አይማርም።

ለዚህ ዕቁብን መመልከት ይበቃል። ዐሥር አባላት በየወሩ 500 ብር ቢጥሉ፣ በመጀመሪያው ወር ዕጣ የወጣለት 5,000 ብር ይረከባል። ከዚህ ውስጥ የራሱ 500 ብር ብቻ ነው፤ የቀረው 4,500 ብር ዕዳ እንጂ ትርፍ አይደለም። የመጨረሻው ባለዕጣ በአንጻሩ ያለወለድ ሲያበድር ቆይቷል፤ የዋጋ ንረት ካለም የሚረከበው ገንዘብ የመግዛት ዐቅሙ ቀንሶ ይደርሰዋል።

ዕዳን እንደ ትርፍ የሚቈጥር ጀማሪ ነጋዴ ይከስራል። ስለዚህ ፈተናው «ዕዳ ምንድን ነው?» ከማለት ይልቅ «ይህ ገንዘብ የማን ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።